ስለ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት ሥራ

ሰዎች ሥራዬን ጠይቀውኝ «በጠበቃ ጽሕፈት ቤት የአስተዳደር ረዳት ነኝ» ያልሁ እንደ ሆነ፥ ብዙዎቹ «እንግዲያው ታይፕ ትመቻለሽ ማለት ነው» ይሉኛል። አንዳንዶቹም ሥራው ስልክ ከማንሣትና እንግዳ ከማስቀመጥ ያለፈ አይመስላቸውም። በዚህ መጽሔት ላይ ጥቂት ቃል እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ ይህን ርእስ የመረጥሁት ስለዚህ ነው። ከእናንተ ከተማሪዎቹ መካከል ነገ በዚሁ ሥራ የሚሰማራ አይጠፋም። ያልተሰማራውም ቢሆን በዘመኑ አንድ ቀን ከሳሽ ወይም ተከሳሽ፥ ምስክር ወይም ወራሽ ሆኖ የፍርድ ቤት ደጃፍ መርገጡ አይቀርምና፥ ወረቀቱ በማን እጅ እንደሚያልፍና ስለ ምን ጥንቃቄ እንደሚያሻው ቢያውቅ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

እኔ የምሠራው በአዲስ አበባ ከተማ፥ የፍትሐ ብሔር ክርክር በሚይዝ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። የፍትሐ ብሔር ክርክር ማለት አጥፊ የሚቀጣበት የወንጀል ጉዳይ ሳይሆን፥ የውል፥ የውርስ፥ የቤት፥ የብድር፥ የጉዳት ካሣና ይህን የመሳሰለው በሰውና በሰው መካከል የሚነሣ ሙግት ነው። ጠበቃ የሚለው ቃል «መጠበቅ» ከሚለው ግሥ የወጣ መሆኑን ታውቃላችሁ። ጠበቃው የባለጉዳዩን መብት ሲጠብቅ፥ ረዳቱ ደግሞ ቀኑንና ወረቀቱን ይጠብቃል። የዚህ ሥራ ዋና ትርጉም ይህ ነው።

ቀድሞ በአገራችን ሙግት በአብዛኛው የቃል ነበር። ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲከራከሩ፥ አድማጩ በአንደበታቸው ርቱዕነት ይደነቅ ነበር። ዛሬ ግን የክርክር አካሄድ የሚመራው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ ሆነ፥ ክርክሩ በጽሑፍ ይጀመራል፤ መልሱም በጽሑፍ ይቀርባል፤ የፍርዱም ቃል በጽሑፍ ይሰጣል። ዛሬም ቢሆን በየፍርድ ቤቱ አካባቢ ራፖር ጸሐፊዎች ተቀምጠው ጠበቃ ለመያዝ አቅም ለሌለው ሰው አቤቱታ ሲጽፉ ይታያሉ። ጠበቆችም ቀድሞ ፈቃድ አውጥተው የሚሠሩት በየግላቸው ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ግን የጥብቅና ድርጅት አቋቁመው በኅብረት እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ሥራው በኅብረት በሆነ መጠን የመዝገቡም ብዛት ይጨምራል፤ መዝገቡም በበዛ መጠን የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል።

አሁን አንድ መዝገብ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚሄድበትን መንገድ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ባለጉዳዩ መጀመሪያ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ወረቀቱን በፌስታል ቋጥሮ ነው የሚመጣው። ውሉ፥ ደረሰኙ፥ የቀበሌው ደብዳቤ፥ የሟች አባቱ ፎቶግራፍ ሳይቀር ተደባልቆ ይገኛል። የእኔ ሥራ ሁሉንም አንድ በአንድ ቆጥሬ፥ ዋናውን ከቅጂው ለይቼ፥ በቀኑ ቅደም ተከተል አስቀምጬ፥ የተረከብሁትን በዝርዝር ጽፌ ማስፈረም ነው። ይህ ፊርማ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ «ዋናውን ውል ሰጥቻችሁ ነበር» «አልሰጡንም» የሚል ክርክር ቢነሣ፥ ለእርሱም ለእኛም መድኃኒቱ ያ ዝርዝር ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት እውነት መሆኑን የተማርሁት በዚህ ቤት ነው።

ቀጥሎ ጠበቃው የክስ አቤቱታ ያዘጋጃል። በአቤቱታው ላይ የፍርድ ቤቱ ስም፥ የከሳሽና የተከሳሽ ሙሉ ስምና አድራሻ፥ ለክሱ ምክንያት የሆነው ነገር ከነጊዜውና ከነቦታው፥ በመጨረሻም ከፍርድ ቤቱ የሚጠየቀው ዳኝነት ተለይቶ መጻፍ አለበት። ከአቤቱታው ጋራ የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል፤ በዚህም ውስጥ የምስክሮች ስምና አድራሻ፥ የሰነዶቹም ዓይነት ይገለጻል። የተጻፈው እውነት ስለ መሆኑ ማረጋገጫ ተጽፎ ይፈረምበታል። ሐሳቡና ሕጉ የጠበቃው ነው፤ ገጹን መቁጠር፥ አባሪውን ከዝርዝሩ ጋራ ማመሳከር፥ ቅጂውን ማብዛት ግን የእኔ ነው። ተከሳሾቹ ሦስት ቢሆኑ፥ ለፍርድ ቤቱ አንድ፥ ለተከሳሾቹ ሦስት፥ ለእኛ አንድ፥ በጠቅላላው አምስት ቅጂ ያሻል። ከአምስቱ በአንዱ ላይ አንድ ገጽ ቢጎድል፥ ገጹ የጎደለበት ተከሳሽ «ማስረጃው አልደረሰኝም» ብሎ ይቃወማል፤ ቀጠሮም ይለወጣል፤ ባለጉዳዩም ወራት ይጉላላል።

ከዚያ በኋላ አቤቱታው ወደ ሬጅስትራር ይቀርባል። የዳኝነት ገንዘብ ይከፈልና መዝገቡ ቁጥር ይሰጠዋል። ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው በድኃ ደንብ እንዲከስ ፍርድ ቤቱን ለመጠየቅ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ በገንዘብ ማጣት ብቻ መብቱን ትቶ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ ለተከሳሹ መጥሪያ ይወጣል። መጥሪያው ለተከሳሹ ደርሶ ሲፈርምበት፥ የተፈረመበት ቅጂ ወደ መዝገቡ ይመለሳል። ተከሳሹ ተፈልጎ ያልተገኘ እንደ ሆነ፥ ፍርድ ቤቱ ሲያዝ ጥሪው በጋዜጣ ይወጣል። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ያየ ሰው፥ ያቺ ጠባብ ዓምድ የስንት ወር ፍለጋ ፍጻሜ እንደ ሆነች አያውቅም።

ተከሳሹም በበኩሉ መልሱን በጽሑፍ ያቀርባል። «ይህ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለውም» ወይም «ክሱ በይርጋ ታግዷል» የሚል መቃወሚያ ካለውም በዚሁ ጊዜ ያነሣል። ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤቱ ክሱን ይሰማል፤ የክርክሩን ጭብጥ ይይዛል፤ ምስክር ይሰማል፤ ሰነድ ይመረምራል፤ በመጨረሻም ይፈርዳል። የተፈረደበት ሰው በፈቃዱ ያልፈጸመ እንደ ሆነ ደግሞ አፈጻጸም የሚባል ሌላ መዝገብ ይከፈታል። እንግዲህ በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ መካከል ቀጠሮ አለ። ከከሳሽና ከተከሳሽ አንዱ በቀጠሮው ቢቀር ምን ይሆናል? ተከሳሹ ቀርቦ ከሳሹ ከቀረ፥ ተከሳሹ ክሱን ካላመነ መዝገቡ ይዘጋል። ከሳሹ ቀርቦ፥ መጥሪያ የደረሰው ተከሳሽ ከቀረ፥ ክርክሩ እርሱ በሌለበት ይሰማል። በዚህ ዓይነት የተፈረደበት ተከሳሽ የቀረበት በቂ ምክንያት ካለው ፍርዱ እንዲነሣለት ሊያመለክት ይችላል፤ ጊዜው ግን ፍርዱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ አንድ ወር ብቻ ነው።

ስለዚህ በእኛ ጽሕፈት ቤት ከሁሉ የሚከበረው ዕቃ ኮምፒዩተሩ ሳይሆን የቀጠሮው አጀንዳ ነው። በየማለዳው ጠበቆቹ ወደ ችሎት ከመሄዳቸው በፊት አጀንዳውን ገልጬ የዕለቱን ቀጠሮ፥ የመዝገቡን ቁጥር፥ የችሎቱን ስምና ቀጠሮው ለምን ጉዳይ እንደ ሆነ አነባለሁ፤ ፋይሉንም በእጃቸው አስረክባለሁ። ከችሎት ሲመለሱ ደግሞ «ዛሬ ምን ታዘዘ? ለመቼ ተቀጠረ?» ብዬ ጠይቄ፥ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ አጽፋቸዋለሁ። ሰው ምሳ ከበላ በኋላ የቀጠሮውን ቀን ይዘነጋልና።

የቀን ነገር ከተነሣ ዘንድ፥ በአገራችን ይህን ሥራ ልዩ ችግር የሚገጥመው መሆኑን ላስረዳ። ሁለት የዘመን አቈጣጠር እንጠቀማለን። የፍርድ ቤት ወረቀት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲጻፍ፥ የባንክና የውጭ ንግድ ሰነድ ግን ብዙውን ጊዜ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ የእነርሱ አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ 7 ዓመት፥ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ 8 ዓመት ነው። ለምሳሌ አንድ ዕዳ እንዲከፈል የተወሰነው በአውሮፓ አቈጣጠር ጃንዋሪ 5 ቀን 2015 ነው እንበል። ይህ በእኛ ታኅሣሥ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። አንድ ቸኩሎ የሚሠራ ጸሐፊ ሰባት ብቻ ቀንሶ «2008» ብሎ ቢጽፍስ? በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ከውል የሚመነጭ መብት በመደበኛው በ10 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። እንግዲህ ያ ጸሐፊ ጊዜው የሚያልቀው በ2017 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ፥ ገና የ2018 ዓ.ም. ጊዜ ያለው መስሎት ሰውዬውን ያስቀምጠዋል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚጠየቅ ካሣ ደግሞ መደበኛው ጊዜ 2 ዓመት ብቻ ስለ ሆነ፥ እዚያ ላይ የአንድ ዓመት ስሕተት ማለት ግማሹን ማጥፋት ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ የውጭ አገር ሰው «ዘጠኝ ሰዓት» ሲል የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ስጽፍ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» ሳልል አላልፍም።

ሁለተኛው ችግር የስም ነው። ፊደላችን አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ልዩ ልዩ ፊደሎች አሉት። «ኃይሉ» የሚለው ስም በመታወቂያው ላይ በብዙኃኑ «ኀ»፥ በውሉ ላይ በ«ሀ»፥ በባንክ ደብተሩ ላይ በ«ሐ» ተጽፎ ይገኛል። «ጸሐይ»ና «ፀሐይ»ም እንደዚሁ ናቸው። ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው፤ በአንዱ ፊደል ቢፈልጉት በሌላው የተጻፈውን አያመጣም። አሁን በፌዴራል ፍርድ ቤቶች መዝገብ በኮምፒዩተር ስለሚያዝ ይህ ጥንቃቄ ከቀድሞው ይልቅ በዝቷል። ፍርዱ በአንድ ፊደል ተጽፎ የቤቱ ካርታ በሌላ ፊደል የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ያሸነፈው ሰው ስሙን ለማስተካከል እንደገና አቤት ማለት ይገባው ይሆናል። እኔም የሰውን ስም በጆሮዬ ሰምቼ አልጽፍም፤ መታወቂያውን አይቼ ከነአያቱ እጽፋለሁ። የአማርኛን ፊደል ከጽሕፈት መኪና ጋራ ለማስማማት የደከሙት ኢንጂነር አያና ብሩ ዛሬ ቢኖሩ፥ መኪናው ተለውጦ ችግሩ ከነቤተሰቡ መኖሩን አይተው ፈገግ የሚሉ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ የራሴን ስሕተት እነግራችኋለሁ። ስሕተቱን መደበቅ ለእናንተ አይጠቅምምና።

ሥራ በጀመርሁ በመጀመሪያው ዓመት፥ አንዲት አሮጊት የሚኖሩበትን ቤት በሚመለከት ከዘመድ ጋራ ሲከራከሩ ቆይተው ተፈረደባቸው። ፍርዱ የተነበበው ታኅሣሥ 10 ቀን ነበር። የፍርዱ ግልባጭ ተገልብጦ ጽሕፈት ቤታችን የደረሰው ግን ጥር 4 ቀን ነው። ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ዐውቅ ነበርና፥ ግልባጩ በእጄ ከገባበት ቀን ጀምሬ ቈጠርሁ፤ መጨረሻው መጋቢት 4 ቀን ነው ብዬም በአጀንዳው ላይ በቀይ ጻፍሁ። ነገር ግን የሥነ ሥርዓቱ ሕግ 60 ቀኑን የሚቈጥረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ ነው እንጂ፥ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ካረፈበት ቀን አይደለም። በዚህ አቈጣጠር ከታኅሣሥ የቀረው 20፥ ጥር 30፥ ከየካቲት 10 ተደምሮ ስድሳው ቀን የሚሞላው የካቲት 10 ቀን ነው።

የካቲት 7 ቀን ጠዋት ጠበቃው ያለ ወትሮአቸው ፋይሉን አስመጥተው የፍርዱን የመጨረሻ ገጽ ገለጡ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «የኔ ልጅ፥ ይህን ቀን ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። «ጋሼ፥ ግልባጩ የደረሰን ያን ዕለት ነው» አልኋቸው። አልተቈጡም። ሕጉን አውጥተው አንድ አንቀጽ አስነበቡኝ። ጊዜው ካለፈ በኋላ ይግባኝ ለማለት የሚፈቀደው በቂ ምክንያት ላለው ሰው ሲሆን፥ የጠበቃው ስሕተትና ቸልተኛነት ግን እንደ በቂ ምክንያት አይቈጠርም ይላል። ከዚያም «እኒያ ሴትዮ ይህን ስሕተት አልሠሩም፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን እሳቸው ነበሩ» አሉኝ። ያን ጊዜ እግሬ ከዳኝና ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶን ነበር። ሁለት ሌሊት አምሽተን የይግባኙን ማመልከቻ ጻፍን፤ አባሪውን አዘጋጀሁ፤ የካቲት 9 ቀንም ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር አስረከብን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በጽሕፈት ቤታችን ሦስት ደንቦች ቆሙ። አንደኛ፥ የቀን ቈጠራ የሚጀመረው ከፍርዱ ገጽ ላይ ከተጻፈው ቀን ነው። ሁለተኛ፥ አንድ ሰው የቈጠረውን ሌላ ሰው ሳያየው በጣት ይቈጥረዋል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይጠራል። ሦስተኛ፥ በአጀንዳው ላይ የመጨረሻው ቀን ብቻ ሳይሆን፥ ከዚያ በፊት ሃያኛው፥ ዐሥረኛውና አምስተኛው ቀን ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ለማንኛውም መሥሪያ ቤት የሚበጅ ነው።

ስለ ባለጉዳዮች አቀባበልም ጥቂት ልበል። ወደ ጠበቃ ቤት ተደስቶ የሚመጣ ሰው የለም። አንዱ ይቈጣል፤ አንዱ ያለቅሳል፤ አንዱ በየቀኑ እየደወለ «ተፈረደልኝ?» ይላል። ሁሉንም በትሕትና መስማት ይገባል። ነገር ግን «ያሸንፋሉ፥ አይዞዎት» ማለት ለረዳቱ አልተፈቀደም። የሕግ ምክር መስጠት ፈቃድ ያለው የጠበቃ ሥራ ነው፤ እኔ የቀጠሮውን ቀን እነግራለሁ እንጂ የክርክሩን ውጤት አልናገርም። ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው ምስጢር መጠበቅ ነው። በፋይሎቻችን ውስጥ የሰው ትዳር፥ የሰው ዕዳ፥ የወንድማማቾች ጠብ ተጽፎ ይገኛል። በታክሲም ሆነ በቡና ላይ የአንዱን ባለጉዳይ ስም ማንሣት ክሕደት ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፥ የወጣ ምስጢር በይግባኝም አይመለስም።

ይህን ሥራ የሚመኝ ተማሪ ምን ይማር? አስቀድሞ አማርኛውን ጠንቅቆ ይወቅ፤ ብይን ከፍርድ፥ ትእዛዝ ከውሳኔ የሚለይበትን ለመረዳት ቋንቋውን ያላቃለለ ሰው ይፈለጋል። የንግድ ውል በእንግሊዝኛ የሚጻፍበት ጊዜ ብዙ ስለ ሆነ እንግሊዝኛም ያሻል። ሒሳብ የማይወድ ተማሪ እንኳ ቀን መቍጠርና ወለድ ማስላት ይልመድ። በኮምፒዩተር በሁለቱም ፊደል በፍጥነት መጻፍ፥ ሰነድ በስካነር ማንሣትና በስሙ አስተካክሎ ማስቀመጥ የዕለት ሥራ ነው። እነዚህ ሁሉ በትምህርት ይገኛሉ። የጻፉትን መልሶ የማንበብ ልማድ ግን አስተማሪ ሊሰጠው አይችልም፤ ራስን በማስገደድ ብቻ ይገኛል።

ስለ እኒያ አሮጊት ሳልነግራችሁ ብቀር ደስ አይላችሁም ይሆናል። ይግባኙ ተሰማ፤ ሁለቱም ወገኖች ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ግን የሥር ፍርድ ቤቱ ፍርድ ጸና። ቤቱን ለቀቁ። ወረቀታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በተረከብሁበት ዝርዝር መሠረት አንድ በአንድ እየቈጠርሁ ስመልስላቸው፥ ከኀፍረቴ የተነሣ ቀና ብዬ ለማየት አልቻልሁም ነበር። «እማማ፥ አዝናለሁ» አልኋቸው። እሳቸውም «ልጄ፥ አንቺ ለምን ታዝኛለሽ? አቤት ብዬ ተሰማሁ። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ሲባል አልሰማሽም?» አሉኝና ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ወጡ።

ያን የካቲት ጠበቃው ፋይሉን ባያስመጡ ኖሮ፥ እሳቸው ሳይሰሙ ይቀሩ እንደ ነበር አላወቁም፤ እኔ ግን ዐውቃለሁ። ማሸነፍና መሸነፍ የክርክሩና የዳኛው ነገር ነው። ማንም ሰው በወረቀት መጉደል ወይም በቀን መሳሳት ምክንያት ሳይሰማ እንዳይቀር ማድረግ ግን የእኛ የረዳቶቹ ፋንታ ነው። ከእናንተ መካከል ወደዚህ ሥራ የሚመጣ ቢኖር፥ በመጀመሪያው ቀን ሲገባ የፍርዱን የመጨረሻ ገጽ ገልጦ ቀኑን ይመልከት።